ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ባለቤቱስ ለጆሮው?

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይባላል። እኔ ግን ተረቱን ልገልብጠው፤ ባዳው ባለቤቱ ነው! ዓይናችን ውስጥ አቧራ ሲገባ እንጮሃለን፤ ጆሯችንን ግን በክብሪት እንጨት፣ በቁልፍ፣ በእስክሪብቶ ክዳን እንጎረጉራለን።

በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በሀብሩ ገጠርም ቢሆን የልጅ ጆሮ ሲመግል ምክሩ ያው ነው። የሞቀ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርት… አለዚያም "ተዉት፣ ሲያድግ ይተወዋል"።

አይተወውም! የሚመግል ጆሮ ብዙ ጊዜ ታምቡሩ የተቀደደ ጆሮ ነው። የሚንጠባጠብበት ሁሉ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ልጁ አስተማሪው የሚሉትን አይሰማም፤ "ሰነፍ" ይባላል፤ ክፍል ይደግማል። ጆሮውን ግን ማንም አላየለትም።

እናቶችን ልወቅስ አይደለም። ጤና አዳም ከጓሮ ይቀጠፋል፤ የጆሮ ስፔሻሊስት ግን ከጓሮ አይገኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወልድያ ሆስፒታል እንኳ ተዘርፎ ነበር። የምወቅሰው እኛን "የተማርነውን" ነው። ጆሮውን ሳያይ ጠብታ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት ከጤና አዳሙ በምን ይሻላል? እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች እኮ ራሳቸው መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ።

"አያቶቻችን የብር ኩክ ማውጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ኖረዋል፣ ምን ሆኑ?" የሚል አይጠፋም። ጌጡ ያምራል፤ ጌጥ ሆኖ ይቅር። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ የጆሮን ቆዳ ይጠብቃል፣ በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ ይወጣል። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት መልሶ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላል። ስድሳ በመቶ! ይህ የዕድል ሳይሆን የቸልተኝነት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃኑን ክትባት ሲጠይቁ ጆሮውንም ይጠይቁ። መምህራን "ሰነፍ" ከማለታቸው በፊት "ይሰማል ወይ?" ይበሉ። የሚመግል ጆሮ በንጹሕ ጨርቅ እየደረቀ፣ ውኃ ሳይነካው ጤና ጣቢያ ይድረስ።

አንተም ወዳጄ፣ ኢርፎንህን ቀንስ። አንድ ጆሮህ ድንገት ድርግም ካለ ደግሞ "ምች ነው" ብለህ አትተኛ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሕክምናውም ላይመልሰው ይችላል።

ጆሮ ያለው ይስማ… ሳይደነቁር!