በማኅተም ሥራ አስኪያጅ አይኮንም!

ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ቡና እየጠጣሁ አንድ የድሮ ተማሪዬ መጣ። «ቲቸር፣ ይቺን ደብዳቤ ያንብቡልኝ» አለኝ። ከአሜሪካ ኢሚግሬሽን የመጣ የውድቅ ደብዳቤ ነው። ቨርጂንያ ያለው የአጎቱ ድርጅት «ሥራ አስኪያጄን ከአዲስ አበባ አዛውሬ ላምጣ» ብሎ አመልክቶለት ነበር። ለጉዳይ አስፈጻሚው የተከፈለው የእናቱ የዕቁብ ብር ነው።

ሰፈር ውስጥ የሚወራው «ፈረንጅ ለሐበሻ ስለማይወድ ነው»፣ «ዕድሉ አይደለም» ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ በዲፕሎማ እንግሊዝኛ የማስተምር መምህር ነኝ። ደብዳቤው ግን ስለ ዕድል አንድም ቃል የለውም። ሁለት ነገር ነው የሚለው።

አንደኛ፣ ሁለቱ ድርጅቶች አይዛመዱም። የቨርጂንያው የአጎት፣ የአዲስ አበባው የልጁ ነው። ሕጉ የሚፈልገው አንዱ የሌላው እናት ድርጅት ወይም ቅርንጫፍ እንዲሆን፣ ወይም የሁለቱም ባለቤት አንድ እንዲሆን ነው። በአሜሪካ ሕግ ድርጅት የሚዛመደው በአክሲዮን እንጂ በሥጋ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ልጁ «ሥራ አስኪያጅ» አይደለም። ንግድ ፈቃዱ ላይ እኮ ነው! የእኛ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ይኑረው ስለሚል፣ 2 ሠራተኛ ያለው ማተሚያ ቤትም አለው። አሜሪካኖቹ ግን ማዕረጉን ትተው «ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ?» ይላሉ። ልጁ ወረቀት ይገዛል፣ ያትማል፣ ዱቤ ይሰበስባል። ይሄ የተከበረ ሥራ ነው፣ ማስተዳደር ግን አይደለም።

ለትንሽ ድርጅት በሩ ዝግ ነው ማለቴ አይደለም። ሕጉ ራሱ የሠራተኛ ብዛት ብቻ አይታይ፣ የድርጅቱ ፍላጎትና የደረሰበት ደረጃም ይታይ ይላል። ግን የዕለቱን ሥራ ማን እንደሚሠራልህ ማሳየት አለብህ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ያው ጉዳይ አስፈጻሚ «8 ሠራተኛ በወረቀት ጨምረን ድጋሚ እናስገባ» ብሎታል። ልጁ የመጣው ይህን ሊጠይቀኝ ነው! ወገኖቼ፣ ውድቅ መሆንና ሲዋሹ መያዝ አንድ አይደሉም። ውድቅ የሆነ ሰው ነገ እውነተኛ ማስረጃ ይዞ ያመለክታል። በሐሰት የተያዘ ግን ዕድሜ ልኩን የሚከተለው እገዳ አለበት፣ ለጉብኝት እንኳ በሩ ይዘጋበታል። ደላላው ደግሞ ያኔ ስልኩን ይቀይራል።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሁለቱ ድርጅቶች ባለቤት ማነው? ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት ሳላቋርጥ በኃላፊነት ሠርቻለሁ? ለግሪን ካርድ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካው ድርጅት 1 ዓመት ሙሉ በትክክል ነግዷል? ደላላው «እሱን ለኔ ተወው» ካለ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ልጁን «ተው» ብዬዋለሁ። እናንተም የምታውቁት ካለ ተው በሉት። ሼር አድርጉት፣ የሌላ እናት ዕቁብ ይተርፍ ይሆናል።