ሕግ የሰጠውን ነፃነት ማን ይጠብቀው?

ከዋጃ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ተማሪ ቆቦን አልፎ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል፤ ወደ ሰሜን የሚጓዘውም አላማጣን አልፎ ማይጨው ካለው ራያ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ሁለቱም የፌዴራል መንግሥት ተቋማት ናቸው። ለመሆኑ ከሁለቱ በአንዱ የሚያስተምር የታሪክ መምህር የራያን የአስተዳደር ወሰን አጥንቶ የደረሰበት ድምዳሜ በአካባቢው ካየለው ፖለቲካ ጋር ባይስማማ፣ ጥናቱን ያለ ፍርሃት ማሳተም ይችላልን?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ዋጃ ቀድሞ በወሎ ሥር ነበረች፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመጣው አወቃቀር ወደ ትግራይ ተካለለች፤ ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህም የአማራና የትግራይ ክልሎች ይወዛገቡባታል። ጠመንጃ ያልፈታውን ጉዳይ በማስረጃ ለመመርመር ከእነዚህ ሁለት ተቋማት የቀረበ የለም።

ሕጉማ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የፕሬስንና የሥነ ጥበብን ነፃነት በስም ሲጠራ የአካዳሚክ ነፃነትን በስም ባያነሳም፣ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 እና እርሱን የተካው ቁጥር 1152/2011 ክፍተቱን ሞልተውታል። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ራስ ገዝነት ተቋሙን ከመንግሥት ቢጠብቅም፣ መምህሩን ከራሱ ከተቋሙ በትር አያስጥለውም።

በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነፃነት ለተማሪዎች በተናገሩ በአንድ ወር ገደማ ታሰሩ። በሁለቱም ጊዜ የጎደለው መልካም ቃል አልነበረም፤ ባለሥልጣኑን «ቁም!» የሚል አካል ነበር።

«ነፃነቱ ለሁከት መሸፈኛ ይሆናል» የሚሉ ወገኖች አሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ ጥፋት ካለ በማስረጃ ይታይ። እንግዲህ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በመተዳደሪያው ውስጥ ሦስት ነገሮችን በማያሻማ ቃል ያስፍር፤ በጥናቱ ወይም በንግግሩ የተነሣ የሚከሰስ መምህር ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው፤ ጉዳዩን የሙያ ባልደረቦቹ ይስሙት፤ ይግባኙንም ከአስተዳደሩ ነፃ የሆነ አካል ይመልከተው።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይሉ ነበር። የራያው መምህርም «በሕግ አምላክ» ብሎ ሲጮኽ የሚቆምለት ባለሥልጣን ያስፈልገዋል። ያ እስኪሆን ድረስ የዋጃ ልጅ በወልድያ አንድ፣ በማይጨው ሌላ ታሪክ ተምሮ ይመለሳል፤ ሁለቱን የሚያስተያይለት ምሁር ግን አያገኝም።