የድሬ ልጆች፣ ስማችንን አብረን እንሥራ

በድሬዳዋው የታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ የምትጠብቁ፣ ስልክ የምትጠግኑ፣ ተመርቃችሁ ሥራ ፍለጋ የምትንከራተቱ፣ ከሳቢያንም ከገንደ ቆሬም ከከዚራም ከመጋላም የበረራ ዲስፓቸር ለመሆን የምትመኙ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። እያንዳንዳችሁ በስልካችሁ ጥግ ብቻችሁን የምታደርጉትን ጥረት አውጡትና አንድ ላይ፣ ሰው እያያችሁ አድርጉት። ሙያው የምስክር ወረቀትና ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ ጋር ደግሞ ፊቱን ያላዩት ሰዎች የሚያምኑት ስም ይጠይቃል። ያን ስም ብቻውን የሚሠራ ሰው አላየሁም።

ዲስፓቸር መንገደኛ የማያውቀው ሰው ነው። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት የአየሩን ሁኔታ ያነባል፣ መንገዱን ያወጣል፣ ነዳጁን ያሰላል፣ ክብደቱን ከማኮብኮቢያው ርዝመትና ከሙቀቱ ጋር ያመዛዝናል፣ መድረሻው ቢዘጋ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይወስናል። ከተነሣም በኋላ እስኪያርፍ ድረስ ይከታተለዋል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ሙያውን የበረራ ኦፕሬሽን ኦፊሰር ወይም የበረራ ዲስፓቸር ይለዋል፤ ለፈቃዱ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ 21 ዓመት ነው። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። አሜሪካኖች ደግሞ አንድ ርምጃ ሄደው በመደበኛ መንገደኛ በረራ ላይ ኃላፊነቱን ለዋና አብራሪውና ለዲስፓቸሩ በእኩል አሸክመዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ አውሮፕላኑ አይነሣም።

ይህ ሥርዓት በሰው ደም የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1935 አንድ የአሜሪካ መንገደኛ አውሮፕላን ካንሳስ ሲቲ በጉም ተሸፍናበት፣ ነዳጁ እየተመናመነ፣ ሌላ ማረፊያ ሲፈልግ ሚዙሪ ውስጥ ወደቀ። ከሞቱት መካከል የኒው ሜክሲኮው ሴናተር ብሮንሰን ከቲንግ ነበሩ። አደጋው በምክር ቤቱ ምርመራ አስነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የሲቪል አየር ሕግ ወጣ፤ ዲስፓቸሩም ፈቃድና ተጠያቂነት ያለው ባለሙያ የሆነው በዚያ ዘመን በተዘረጋው ሥርዓት ነው። ጉሙን ማን አስቀድሞ አየው? ተለዋጭ ማረፊያውን ማን መረጠ? ነዳጁ ይበቃል ያለው ማን ነው? ከዚያ ወዲህ እነዚህ ጥያቄዎች በስም የሚመለሱ ሆኑ።

ስም ምን እንደሆነ ለታይዋን ልጅ መንገር አያስፈልግም። እዚህ ገበያ ውስጥ ደንበኛው ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ፣ ብሩን የሚልክለት ነጋዴ አለ። አጠገቡ ያለው ሱቅ ተመሳሳይ ቴሌቪዥን በተመሳሳይ ዋጋ ደርድሮ ገዢ ያጣል። የመጀመሪያው ሰው የተበላሸ ዕቃ ሲመለስበት ዓመታት ሙሉ «አምጣው» እያለ የለወጠ፣ የማያውቀውን ዕቃ «ይህን አላውቀውም» ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ የላከ ነው። ዲስፓቸርም የሚታመነው በዚሁ መንገድ ነው። ያወቀውን በትክክል ይናገራል፣ ያላወቀውን አላውቅም ይላል፣ የተሳሳተውን ራሱ ቀድሞ ያርማል።

እንግዲህ አሁን ያለንበትን እንመልከት። ቴሌግራም ላይ ስለ አቪዬሽን ሥራ በሚወራበት ሁሉ የሚደጋገመው «ምዝገባው መቼ ነው?»፣ «ውስጥ ሰው የሚያውቅ አለ?» የሚል ጥያቄ ነው። ጠያቂው ብቻውን ነው፤ ብቻውን በመሆኑም ቶሎ ይታለላል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስም የሐሰት የቅጥር ማስታወቂያ ፈብርከው የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚሰበስቡ አጭበርባሪዎች የሚያድኑት ይህን ብቸኛ ልጅ ነው። ሊንክድኢን ላይ ደግሞ የአውሮፕላን ፎቶ ለጥፎ «የወደፊት ዲስፓቸር» ብሎ መጻፍ በዝቷል። ያን ገጽ የሚያይ ልምድ ያለው ባለሙያ ስለ ልጁ ምን ይማራል? ምንም። ይህ ልጁን ለመውቀስ የተነገረ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ያሳየው ሰው የለም። እኛ እናሳየው።

በየሳምንቱ አንድ ልምምድ አብረን እንሥራ። ሁለት ሁለት ሆነን እናስላ፣ ሌላው ጥንድ ይመርምረው፣ ከታረመ በኋላ በስማችን ይለጠፍ። ቁሳቁሱ ከደጃችን አለ። የአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያችን ከባሕር ወለል በላይ 3,800 ጫማ ገደማ፣ በሜትር 1,160 ያህል ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ የሚጠበቀው ሙቀት 7 ዲግሪ አካባቢ ነው። በግንቦት ቀትር ቴርሞሜትሩ 35 ሲል ልዩነቱ 28 ዲግሪ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ያህል ጨምሩ፤ ከ3,300 ጫማ በላይ ይመጣል። ሲደመር ማኮብኮቢያችን ለሞተሩና ለክንፉ 7,100 ጫማ ላይ እንዳለ ሆነ ማለት ነው። ቦሌ 7,650 ጫማ ገደማ ላይ ናት። ቆላማዋ ድሬ በቀትር ለአውሮፕላን ደጋ ትሆናለች! አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚሸከመው ይቀንሳል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ መንገደኛ ወይም ጭነት መቀነስ ሊመጣ ይችላል። ሙቀቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በቆዳው የሚያውቀው የድሬ ልጅ ይህን ስሌት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አስረድቶ ቢለጥፍ፣ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ያለ ባለሙያ ቆም ብሎ ያነበዋል። «ስለ ግፊቱስ ምን አሰብክ?» ብሎ ይጠይቀው ይሆናል። ከዚያ ጥያቄ ትውውቅ ይጀመራል።

ሌላም አለ። የአየር ጠባይ ሪፖርቱ፣ ሜታር የሚባለው፣ የሚጻፈው በዙሉ ሰዓት፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። 0600 ዙሉ በእኛ አገር በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር 0900 ነው፤ እናቶቻችን ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሉታል። ሦስት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር በአንድ ጭንቅላት መያዝ የኢትዮጵያዊ ዲስፓቸር የመጀመሪያ ፈተና ነው፤ ተለማምደን እንግባበት። ነዳጁንም እንዲሁ። የጉዞው ነዳጅ፣ ለማይጠበቀው ነገር የሚያዘው 5 በመቶ፣ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰው፣ ከሁሉም በላይ የማይነካው የ30 ደቂቃ የመጨረሻ መጠባበቂያ ለጄት። ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ስጡ። በስድስት ወር ውስጥ ስማችሁን የፈለገ ሰው ከሃያ በላይ የተመረመሩ ሥራዎች ያገኛል፣ ከእያንዳንዱ ሥር ማን እንዳረመ፣ ምን እንደታረመ ጭምር። ስሕተቱን ደብቃችሁ አታጥፉት። የሚታረም ሰው መሆናችሁን ሊቀጥራችሁ የሚያስብ ሁሉ ማየት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም ቃል እንግባ፤ እዚህ ላይ መለሳለስ የለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሐዘኑ ሳይበርድ የአብራሪዎቹን ብቃት የሚጠራጠር ጽሑፍ በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። ከዚያ አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ያለቁበት የላየን ኤር አደጋ ከእሱ ጋር ሲታይ ግን ኤምካስ የተባለው የቦይንግ 737 ማክስ ሥርዓት አፍንጫውን ያለ አግባብ ወደ ታች ይገፋ እንደነበር ታወቀ፤ አውሮፕላኑም በአሜሪካ ብቻ ሃያ ወር ያህል ከበረራ ታገደ። ቸኩለው የፈረዱት ሰዎች የጻፉት ግን ዛሬም በስማቸው ተቀምጧል። የአደጋ ምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል ነው፣ ጥፋተኛ መፈረጅ አይደለም፤ የኢካኦ 13ኛ አባሪ በግልጽ ያስቀመጠው ነው። ስለዚህ አደጋ በደረሰ ቀን ማናችንም ግምት አንጽፍ። የውስጥ ሰነድ፣ የሥራ ስክሪን ፎቶ፣ የሠራተኛ ስም፣ የመንገደኛ ዝርዝር በእጃችን ቢገባ አንለጥፍ። የአየር ኃይል ምድብም ባለበት አየር ማረፊያ ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ይቅር። መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያሳየ ወጣት ሙያውን ግማሽ ተምሯል።

እናንተ አዲስ አበባ በኦፕሬሽን ክፍል ሌሊቱን የምታነጉ ታላላቆቻችን፣ ጋሼዎቻችንና እትዬዎቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው የመግቢያ መንገድ አይደለም። በወር አንድ ሰዓት ስጡን። የሥራችሁን ምስጢር አንጠይቅም፤ ስሌታችንን እዩልን፣ «ይህ ስሕተት ነው» በሉን። ልጅ ሲሳሳት አይቶ ማለፍ በእኛ ባህል ነውር ነው። በውጭ አገር በሙያው የተሰማራችሁ ወገኖችም፣ የአገሮች የዲስፓቸር ማኅበራት ኢፋልዳ በሚባል ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እንደሚገናኙ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ከዚያ መድረክ የምትሰሙትን ወደ አማርኛ መልሱልን።

የምድር ባቡር ጡረተኞች አባቶቻችን፣ እናንተንም እንጠራለን። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። በአንዲት ነጠላ ሐዲድ ላይ የሚመጣውና የሚሄደው ባቡር እንዳይጋጭ ጣቢያ ከጣቢያ እየተነጋገረ፣ «ልቀቅ» እና «አቁም» እየተባባለ የሠራ ትውልድ አሁንም ከመካከላችን አለ። መልቀቂያ የሰጠ ሰው ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሚተኛ እናንተ ብትነግሩን ከመጽሐፍ የማናገኘውን እናገኛለን።

የታይዋን ነጋዴዎች፣ ከሱቃችሁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል፣ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ የኢንተርኔት መስመር ለአንድ ከሰዓት በሳምንት አትከብዳችሁም። ይህ ገበያ ልጆቹን ለሱቅ ብቻ ማሳደግ የለበትም። እናንተም ልጆች፣ ኧረ አቦ፣ የበርጫውን ሰዓት በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ስጡት!

እህቶች፣ ተለይታችሁ የተጠራችሁት በምክንያት ነው። ይህ ሙያ ጡንቻ አይጠይቅም። የኢካኦ ድንጋጌ ለዲስፓቸር ፈቃድ እንደ አብራሪ የጤና ምርመራ የምስክር ወረቀት አላስቀመጠም፤ ቀጣሪው የራሱ መስፈርት ቢኖረውም፣ በቁመት ወይም በዓይን ምክንያት የአብራሪነት ሕልሟን የተወች ልጅ እዚህ በር አላት። በታይዋን በአንድ እጅ ስልክ፣ በሌላው ካልኩሌተር ይዛችሁ የሦስት ደንበኛ ሒሳብ በአንዴ ስትሠሩ አይተናችኋል። ስማችሁ ከመጀመሪያው ልምምድ ሥር ይኑር፤ አስተባባሪዎቹም ግማሾቹ እናንተ ሁኑ።

የቅጥር ማስታወቂያ ሲመጣ በአየር መንገዱ የራሱ ገጽ ላይ ሳይረጋገጥ ማናችንም ለሌላ አናስተላልፍ፣ ሳንቲምም አንክፈል። አንዱ ማስታወቂያ ሲያይ ለሁሉም ይናገር፤ ቦታው ጥቂት ነው ብሎ ለራሱ የሚደብቅ ሰው ነገ በሌሊት ፈረቃ መረጃ የሚደብቅ ሰው ነው።

እንጀምር። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በዙሉ 1300፣ ታይዋን ውስጥ ቦታ በሰጠን ሱቅ ወይም ሻይ ቤት እንገናኝ፤ ቦታ የሰጠን ከሌለ ቆመን እንሥራ። የመጀመሪያው ልምምድ ከድሬዳዋ ወደ ቦሌ የሚደረግ በረራ ነው፤ ቦሌ በዝናብና በዳመና ቢዘጋ ወዴት እንዘዋወራለን፣ ለዚያስ ስንት ደቂቃ ነዳጅ እንይዛለን? የዕለቱን ሜታር ከስልካችሁ አውርዱ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ፣ ጓደኛ ይዛችሁ ኑ። መምጣት ያልቻለ ስሌቱን ማታ በቴሌግራም ይላክ። ስሌቱን ስትለጥፉ ስማችሁን ከሥሩ ጻፉ፣ የመረመረላችሁን ሰው ስም ከጎኑ።