ፈጥኖ ማሸነፍ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከሥራ መልስ በምንሰባሰብበት ቤት አንድ ወጣት «ኤልደን ሪንግ» በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ማሌኒያን ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደጣላት በደስታ አወጋን። ደስታው ግን ዕድሜ አላገኘም። ከጓደኞቹ አንዱ «በምን ጣልካት?» ሲል ጠየቀው። ልጁም ደም የሚያፈስ ሰይፍ እንደያዘና ረዳት መንፈስ እንደጠራ ሳይደብቅ ተናገረ። «እንግዲያው አንተ አላሸነፍክም፤ መሣሪያው ነው ያሸነፈልህ» አሉት። ሌላው ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ብሂል አከለበትና ተሳሳቁ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም በዚያች ምሽት ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ያን ጊዜ ያልተናገርኩትን ዛሬ ልጽፈው ተነሣሁ።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባቸው አንባቢያን ጥቂት ላስረዳ። ኤልደን ሪንግ ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሂዴታካ ሚያዛኪ መሪነት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ለገበያ ያቀረበው፣ በምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚካሄድ ጌም ነው። የዚያን ዓለም ጥንታዊ ታሪክ በመድረስ አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተሳትፎበታል። ተጫዋቹ ሰፊውን ምድር እያሰሰ «ቦስ» የሚባሉትን ኃያላን ባላጋራዎች ይገጥማል፤ ይሞታል፤ ተመልሶ ይገጥማል። ከእነዚህ ሁሉ በአስቸጋሪነቷ ስሟ የገነነው ማሌኒያ ናት። ታሪኩን ለመፈጸም እሷን ማሸነፍ ግዴታ አይደለም፤ ቢሆንም ብዙዎች የጀግንነት መለኪያ አድርገዋታል።

የፌዘኞቹ ክርክር በአጭሩ ይህ ነው፦ የዚህ ጌም ፍሬ ነገሩ መከራው ነው፤ መከራውን ያላየ ድሉን አላገኘም። እውነት የሚመስል አነጋገር ነው። ነገር ግን እስቲ ጌሙን ራሱን ምስክር እንጥራ።

ማሌኒያ ተጫዋቹን በመታች ቁጥር የራሷ ጤና ይመለስላታል። በጋሻ ብትከላከላትም እንኳ ምቷ ካረፈ ትድናለች። የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ጊዜ የእርሷ ወገን ነው። ፍልሚያው በረዘመ መጠን ስህተት ይበዛል፤ ስህተት በበዛ መጠን እርሷ ታገግማለች። በዚህ ላይ አንዴ ብትሸነፍ በሁለተኛ መልክ ተነሥታ ክንፍ አብቅላ፣ ሰውነትን የሚያበሰብስ መርዝ ይዛ ትመለሳለች። እንዲህ ካለች ባላጋራ ጋር ፍልሚያን ማሳጠር የሰነፍ መሸሻ ሳይሆን ጌሙ ላቀረበው እንቆቅልሽ ትክክለኛው መልስ ነው። ደም የሚያፈስ መሣሪያ የሚመረጥበትም ምክንያት ይኸው ነው፦ የመድማቱ ምልክት ሞልቶ ሲፈነዳ ከባላጋራው ጠቅላላ ጤና በመቶኛ ተሰልቶ ይቀነሳል፤ ስለዚህ ጤናው ብዙ የሆነ ባላጋራ በአንድ ጊዜ ብዙ ያጣል። ይህን አውቆ ሰይፉን የመረጠ ሰው አሰበ እንጂ አላጭበረበረም።

ረዳት መንፈስስ? ልጁ የጠራው የተጫዋቹን መልክና ትጥቅ የሚወስደውን «ሚሚክ ቲር» ነበር። ይህ መንፈስ በመንገድ ዳር ወድቆ አይገኝም። እርሱን ለማግኘት ራዳን የተባለውን ታላቅ ጦረኛ አሸንፎ፣ ከመሬት በታች ወዳለችው ኖክሮን ከተማ ወርዶ መፈለግ ያስፈልጋል። ሲጠራም ከጠሪው የገዛ ጤና 660 ነጥብ ያስከፍላል። ከሁሉም በላይ ማሌኒያ መንፈሱን ስትመታም ጤናዋ ይመለስላታል፤ ስለዚህ ረዳቱ ራሱ አደጋ አለው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የመንፈሱን ጉልበት ቀነሰ እንጂ መንፈሱን አላስወገደም። ዳኛው የፈቀደውን ተመልካች ሊከለክል ይችላልን?

ይህ በማሌኒያ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ በስቶርምቬይል ግንብ መግቢያ የሚቆመው ማርጊት ስንቱን ጀማሪ ተስፋ አስቆርጧል! ሆኖም ከዚያ ብዙም በማይርቅ ዋሻ ውስጥ ፓቺስ የተባለ አታላይ ነጋዴ ማርጊትን ለአፍታ ከመሬት የሚያጣብቅ ሰንሰለት በ5,000 ሩን ይሸጣል። ሠሪዎቹ ይህን ሰንሰለት እዚያ ያስቀመጡት ለጌጥ ነውን? አይደለም። «ግንቡን በራስህ ከመምታትህ በፊት ዙሪያህን ተመልከት» እያሉ ነው። አባቶቻችንስ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ስለዚህ አይደለምን? በገበጣ ጠጠሩን አስቀድሞ ቆጥሮ የተጋጣሚውን ቤቶች በጥቂት ዙር ያራቆተ ሰው «ቶሎ ጨረስክ» ተብሎ ሲነቀፍ አላየሁም። ይመሰገናል እንጂ።

እርግጥ አንድ ነገር አምናለሁ። ሌላው ያዘጋጀውን የትጥቅ ዝርዝር ለምን እንደሆነ ሳይረዳ የገለበጠ ሰው የሚቀጥለው ቦስ ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የወጣው ተጨማሪ ክፍል «ሻዶው ኦፍ ዘ ኤርድትሪ» ይህን አሳይቷል። በቀድሞው ምድር ኃያል የነበሩ ብዙዎች በአዲሱ ምድር ተንበረከኩ፤ ምክንያቱም እዚያ ጉልበት የሚጨምረው በየስፍራው የተበተኑትን የዛፍ ስብርባሪዎች እየፈለጉ በመሰብሰብ ነበር። እዚያም ፈጥኖ ያሸነፈው ምድሩን በትዕግሥት ያሰሰው ነው። እንግዲህ እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ከፍልሚያው በፊት ነው፤ ፌዘኞቹ ግን የተመለከቱት ሁለቱን ደቂቃ ብቻ ነው።

የሚያሳስበኝ ዋናው ነገር ግን ከጌሙ ያልፋል። ያ ወጣት ቀኑን ሙሉ ሠርቶ፣ ማታ አንዲት ሰዓት ለራሱ ያገኘ ሰው ነው። ሁለት መቶ ጊዜ ለመሞት የሚበቃ ትርፍ ጊዜ የለውም። መከራን የክብር መለኪያ ስናደርግ በተዘዋዋሪ የምንናገረው «ጊዜ የተረፈው ብቻ ይከበር» ነው። ይህ ጀግንነት አይደለም፤ የባለጊዜ ትምክሕት ነው። በዕውቀት ሥራውን ያቃለለውን «ሰነፍ»፣ ያለ ዘዴ የለፋውን «ታታሪ» የማለት ልማድ ደግሞ ከመዝናኛ ቤት ተነሥቶ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ድረስ የሚከተለን አመል ነው።

ስለ እውነተኛ ጀግና መናገር ካስፈለገ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ተጫዋች፣ የሸክላ ማሰሮ በራሱ ደፍቶ፣ ከሞላ ጎደል ራቁቱን፣ «ብቻዬን ልግጠማት» የሚል ትርጉም ባለው ስም ማሌኒያን ላቃታቸው ሰዎች እየተጠራ ይዋጋላቸው ነበር። ከእርሱ የበለጠ ችሎታ አለኝ የሚል ፌዘኛ ካለ ይቅረብ። ያ ሰው ችሎታውን የተጠቀመበት ደካሞችን ለማሸማቀቅ ሳይሆን ለማሻገር ነው። የጠሩትንም «አላሸነፋችሁም» አላላቸውም።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት የምለው ይህ ነው፦ ቀና በል፤ አሸንፈሃል። ለፌዘኞቹም የምለው አለኝ፦ በሚቀጥለው ጊዜ «በምን ጣልካት?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ለመማር ጠይቁ።