የጀልባ ልክ

የባሕር ጉዞ መጻሕፍትን የሚወድ አንባቢ አንድ ቀን ከዚህ ጥያቄ ጋር መገናኘቱ አይቀርም፦ በባለሸራ ጀልባ ውቅያኖስ ለማቋረጥ የተነሣ ሰው ትንሿን ይምረጥ ወይስ ትልቋን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የገንዘብና የምቾት ይመስላል። እኔ ግን የነጻነት ጥያቄ ነው እላለሁ። ባሕረኛ አይደለሁም፤ ፍርዴም የአንባቢ ፍርድ ነው። ቢሆንም ከመነሻው ልናገረው፦ አንድ ሰው በክፉ ሌሊት፣ ረዳቱ ታሞ ቢተኛበት እንኳ፣ ብቻውን ሊያዛት የማይችላት ጀልባ ለእርሱ ትልቅ ናት። መግዣው ቢኖረውም ይተዋት።

ለዚህ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢነበቡ በቂ ምስክር ይሆናሉ። አንደኛው ጆሹዋ ስሎከም እ.ኤ.አ. በ1900 ያሳተመው፣ ብቻውን ዓለምን የዞረበት የጉዞ ታሪክ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሎከም ዕድሜውን በሸራ መርከቦች ላይ ያሳለፈ ካፒቴን ነበር። ዘመኑ የእንፋሎት ሲሆን ሥራ አጣ። በማሳቹሴትስ፣ ፌርሄቨን በተባለ ቦታ፣ ሜዳ ላይ ተጥላ የምትበሰብስ አንዲት አሮጌ ጀልባ አገኘ፤ አሥራ ሦስት ወር በገዛ እጁ ደክሞ እንደ አዲስ ሠራት። ለዕቃ ያወጣው 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም እንደ ነበር ሳንቲሟን ሳያስቀር ጽፎልናል። ይህች "ስፕሬይ" ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ማለትም 11 ሜትር ያህል ነበር። በ1895 ከቦስተን ወጥቶ በ1898 ኒውፖርት ገባ። ሸራዎቿ በሚዛን ከተወጠሩ ጀልባዋ ራሷን ትመራ ስለ ነበር፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ 2,700 ማይል በ23 ቀን ሲጓዝ መሪዋን የያዘበት ጊዜ ቢደመር ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። ባለቤቷ መጽሐፍ ያነብ፣ ልብሱን ይጠግን፣ ምግቡን ያበስል ነበር። እኔ ነጻነት የምለው ይህንን ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ የጃክ ለንደን ነው። ለንደን የስሎከምን ታሪክ አንብቦ ልቡ ተነሣና እርሱም ከሚስቱ ከቻርሚያን ጋር ዓለምን ሊዞር ቆረጠ። ሲያስበው "ስናርክ" የምትባለው ጀልባው በውኃው መስመር ላይ 40 ጫማ፣ ዋጋዋም 7,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ለመታጠቢያ ክፍል ቦታ እንደሌለ ታየና 45 ጫማ ሆነች። 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርም ተጨመረላት። ሥራው ገና ሲጀመር፣ በሚያዝያ 1906፣ የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰና ዕቃም ሠራተኛም ጠፋ፤ ስለዚህ የጥፋቱን ሁሉ ሸክም በርዝመቷ ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ሒሳቡ ሲዘጋ 30,000 ዶላር ደረሰ። በሚያዝያ 1907 ሲነሡ ያ ታላቅ ሞተር መቀመጫው ተሰብሮ እንደ ጭነት ታስሮ እስከ ሃዋይ ተጓዘ። ነፋሱ ሲበረታም አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ እንድትቆም ቢሞክሩ እምቢ አለቻቸው። ሰባት ዓመት የታሰበው ጉዞ በ1908 ሲድኒ ላይ፣ ለንደን ታሞ ሆስፒታል ገብቶ፣ አበቃ። ሕመሙ የጀልባዋ ጥፋት አልነበረም። ከመነሣቱ በፊት ግን ከዓመት በላይ ዕድሜውን የበላችው እርሷ ናት።

አበው "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይላሉ። የመታጠቢያ ክፍል መመኘት ነውር የለበትም። ነገር ግን በጀልባ ላይ የሚጨመር ጫማ ብቻውን አይመጣም። አንዲት ጀልባ ቅርጿ ሳይለወጥ በርዝመት፣ በስፋትና በጥልቀት እጥፍ ብትሆን የሸራዋ ስፋት አራት እጥፍ፣ ክብደቷ ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ገመዱ፣ መልሕቁ፣ ሰንሰለቱ፣ ቀለሙ፣ ይህን ሁሉ የሚስበው ክንድም በዚያው ልክ ይጠየቃል። የወደብ ኪራዩም አብዛኛውን ጊዜ በርዝመት ነው የሚቆጠረው።

ተቃራኒው ወገን መልስ አለው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። ትልቋ ጀልባ ብዙ ውኃና ስንቅ ትይዛለች፤ በሞገድ ላይ የምትናጠው ያነሰ ነው፤ የሚሰበር ማዕበልም እንደ ትንሿ በቀላሉ አይገለብጣትም። ፈጣንም ናት። ፍጥነቱን ግን እናስላው። በውኃው መስመር ላይ 25 ጫማ የሆነች ጀልባ የፍጥነቷ ጣሪያ 6.7 ኖት፣ 36 ጫማ የሆነችው 8 ኖት ያህል ነው። ከካናሪ ደሴቶች እስከ ካሪቢያን ባለው 2,700 የባሕር ማይል ያህል መንገድ ሁለቱም በሙሉ አቅማቸው ቢሄዱ ልዩነቱ ሦስት ቀን አይሞላም። ለሦስት ቀን ብሎ ሦስት ዓመት ገንዘብ ሲያጠራቅም የሚቀመጥ ሰው ምኑን ፈጠነ?

ስለ መገልበጥ የሚነሣውን ሥጋት ግን አላቃልለውም። ስሎከም ራሱ በዚያችው ስፕሬይ እንደገና ብቻውን ወጥቶ ከ1909 ወዲህ ያየው የለም። የትንሽነት ወዳጆች የሆኑት ሊንና ላሪ ፓርዲም 24 ጫማ በሆነችው፣ ሞተር በሌላት "ሴራፊን" ዓለምን ከዞሩ በኋላ ቀጣይዋን ጀልባቸውን ሲሠሩ ወደ 30 ጫማ አስጠግተዋታል። ሁለተኛዋም ሞተር አልነበራትም። ከዚህ የምረዳው ትንሽነት በራሱ ጽድቅ አለመሆኑን ነው። ፓርዲዎች የጨመሩት ከዓመታት ጉዞ በኋላ፣ የጎደላቸውን ባሕሩ ላይ ካወቁ ወዲያ ነው፤ ለንደን የጨመረው ገና መሬት ላይ ሆኖ፣ የሚጎድለውን በምናቡ እየገመተ ነው። በሁለቱ ጭማሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ጀልባዎች ፊቱ ቆመው ልቡ ለተከፈለ ሰው ምክሬ አጭር ነው። በዚህ ዓመት ይዟት ሊወጣ የሚችለውን ይምረጥ፤ እርሷም ብዙውን ጊዜ ትንሿ ናት። የጎደለውን ባሕሩ ይነግረዋል። መታጠቢያ ክፍል ካማረውም፣ ዝናብና አንድ ባልዲ ለጊዜው ይበቁታል።