«ልቤ ነግሮኛል» ማስረጃ አይደለም

ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ሙሽራ ሲመረጥ፣ ሰው በስርቆት ሲጠረጠር ክርክሩን የሚዘጋው አንድ አባባል ነው፦ «ልቤ ነግሮኛል»። ማስረጃ የጠየቀ ሰው እንደ ደንዳና ይታያል። የስኬት አሰልጣኞች ደግሞ ይህንኑ «ኢንቱይሽን» ብለው የፍልስፍና ካባ ደርበውለታል። ፈላስፎቹ ግን እንዲህ አላሉም።

በፍልስፍና ኢንቱይሽን ማለት ከሌላ ሐሳብ ሳይመነጭ በቀጥታ የሚገኝ ዕውቀት ነው። ፈላስፋው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1628 ገደማ ሳይጨርስ በተወው ሥራው በዚህ ስም የጠራው፣ ጥርት ያለና የነቃ አእምሮ ያለ አንዳች ጥርጣሬ የሚረዳውን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ጎነ ሦስት በሦስት መስመር ብቻ መታጠሩን። የሚዋዥቀውን የስሜት ሕዋሳት ምስክርነትና የምናብን ፍርድ ለይቶ አስወጥቷል። ኢንቱይሽንን ከትንተና በላይ ያስቀመጠው ፈላስፋ ቤርግሶን እንኳ፣ ከጉዳዩ ጋር ረጅም ትውውቅ የሌለው ሰው እንደማያገኘው እ.ኤ.አ. በ1903 ጽፏል።

ይህ ጥብቅ ትርጉምም ቢሆን ከስሕተት አያድንም። የጥንቱ የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድ ስለ ትይዩ መስመሮች ያስቀመጠው መነሻ ሐሳብ ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል የማይናወጥ መስሎ ኖረ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሂሳብ ሊቃውንቱ ሎባቼቭስኪና ቦያይ ያለ እርሱም ጂኦሜትሪ እንደሚቆም አሳዩ። የሂሳብ ሊቃውንት ያመኑበት እውነት ከተፈተነ፣ በአምስት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ስለ ሰው ባሕርይ የተሰጠ ፍርድ ለምን አይፈተንም?

«ልምድ ያለው ሐኪም ወይም እሳት አጥፊ ሳያሰላስል ያውቅ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ያውቃል። በዚህ ጉዳይ ተቃራኒ አቋም የነበራቸው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካነማንና ክላይን እ.ኤ.አ. በ2009 አብረው ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ላይ ተስማምተዋል፦ ሥራው ቋሚ ሥርዓት ያለው መሆን አለበት፤ ሠራተኛውም ስሕተቱን ቶሎ እያየ ለረጅም ጊዜ የተማረ መሆን አለበት። በራስ መተማመን ብቻውን ግን ለትክክለኛነት ዋስትና አይሆንም። ቀጣሪ ግን ያልተቀበለውን አመልካች ሥራ አያይም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ከሠራው ስሕተት የሚማርበት መንገድ የለውም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ፍትሕ ላይ ይደርሳል። «ልቤ አልተቀበለውም» የተባለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? የብሔር ጥላቻም፣ የመልክና የአነጋገር ንቀትም በዚሁ በር ይገባሉ፤ ምክንያት የሚጠይቃቸው የለምና።

ልባችን የጠቆመንን እንስማ፤ ምርመራውን ግን ከዚያ እንጀምር። በሌላው ሰው እንጀራና ክብር ላይ የሚወስን ሁሉ ምክንያቱን በግልጽ የመናገር ግዴታ አለበት።