ፎልደርን ለመሻር አንቸኩል

ጂሜይል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2004 ሥራ ሲጀምር ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው ስፋት ነው፤ ያኔ ሆትሜይል በነጻ የሚሰጠው ቦታ 2 ሜጋባይት፣ ያሁ የሚሰጠው 4 ሜጋባይት ሲሆን ጂሜይል 1 ጊጋባይት አቀረበ። ሁለተኛው አስተሳሰብ ነው፤ ቦታው ከሰፋ ማጥፋት ለምን፣ ፍለጋው ከፈጠነስ መደርደር ለምን የሚል። በዚሁ መሠረት ፎልደርን ትቶ በአንድ መልእክት ላይ ሁለትም ሦስትም ሊለጠፍ የሚችል ሌብል አመጣ። (በአጠቃቀም ረገድ ልዩነታቸው ጠባብ ስለሆነ እዚህ ሁለቱንም ፎልደር እላቸዋለሁ።) ከዚያ ወዲህ መልእክት መደርደር ጊዜ ማባከን ነው የሚለው ምክር በቴክኖሎጂ አዋቂዎች ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጥሯል። ምክሩ ስሕተት አይደለም። ሆኖም በአማርኛ ለሚጻጻፍ፣ ሰነዱም በአብዛኛው በፎቶና በስካን ለሚደርሰው ሰው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ለቀሪው ግማሽ ጥቂትና በአግባቡ የተከፈቱ ፎልደሮች ያስፈልጉታል።

የተቃራኒው ወገን ማስረጃ ቀላል እንዳልሆነ አስቀድሞ ማመን ይገባል። የአይቢኤም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት ጥናት 345 የኢሜይል ተጠቃሚዎች የቆየ መልእክት መልሰው ለማግኘት ያደረጉትን ከ85 ሺህ በላይ ሙከራ መርምረዋል። በፎልደር ውስጥ ገብቶ መልእክት ማግኘት በአማካይ አንድ ደቂቃ ያህል ሲወስድ፣ ቃል ጽፎ መፈለግ የወሰደው 17 ሰከንድ ገደማ ነው። ብዙ ፎልደር ያበጁት ሰዎች መልእክቱን በማግኘት ረገድም ከሌሎቹ አልበለጡም። እንግዲህ ሃምሳ ፎልደር ከፍቶ እያንዳንዷን ማስታወቂያ ሳይቀር በየቦታዋ የሚያኖር ሰው ድካሙ ከንቱ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ፍለጋ እንዲህ የሚቀናው ምን ምን ሲሟላ ነው በሚለው ላይ ነው። መልእክቱ ኮምፒውተር የሚያነበው ጽሑፍ መሆን አለበት፤ የጻፈውና የሚፈልገው ሰው ቃሉን አንድ ዓይነት አድርገው መጻፍ አለባቸው፤ ፈላጊውም ቢያንስ አንድ ቃል ማስታወስ አለበት። እኛ ዘንድ ሦስቱም ይጎድላሉ።

ከአጻጻፉ እንጀምር። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ሁለቱን «ጸ» እና ሦስቱን «ሀ» ብቻ እያለዋወጥን ብንጽፈው ስድስት መልክ ይኖረዋል፤ «ሃ»ን እና «ኃ»ን ስንጨምር ደግሞ ይበዛል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ናት። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ ስላለው፣ እኩል እንዲያያቸው ሆን ተብሎ ካልተሠራ በቀር ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ያው ናቸው። በዚህ ላይ ቃሉ ብቻውን አይቆምም፤ «ውል» ብለው ሲፈልጉ በደብዳቤው ውስጥ ያለው «የውሉ»፣ «በውላችን» ወይም «ስለውል» ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ወዳጅ ሲጨመርማ ነገሩ መላ ያጣል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ በየራሳቸው ፎንት የተተየቡ ሰነዶች ለዓይን አማርኛ ቢመስሉም ውስጣቸው ሌላ ፊደል ስለሆነ በአማርኛ ቃል አይገኙም። የዘመን አቆጣጠሩም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሰኔ 2015 የሚል ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ በዚያው ወር ከተላከ በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው በጁን ወይም በጁላይ 2023 ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የከፋ ነው። ለብዙዎቻችን ኢሜይል የወግ መለዋወጫ አይደለም፤ ወጉ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ነው። ወደ ኢሜይል የሚመጣው ቁም ነገሩ ነው፦ የሥራ ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ወረቀት፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ። ይህ ደብዳቤ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሞባይል ፎቶ ተነሥቶ፣ ያለ ርዕስና ያለ አንድ መስመር ማብራሪያ፣ የፋይሉ ስም የቁጥር ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል። ታዲያ ምን ቃል ተጽፎ ይፈለጋል? ኮምፒውተር ምስል ማንበብ ጀምሯል፣ ይህ ችግር በቅርቡ ይቀረፋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ንጹሕ የታተመ አማርኛን ከምስል ላይ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ። ጠማማ ፎቶ፣ በእጅ የተጨመረ ቁጥርና ሰማያዊ ማህተም የሸፈነው መስመር ሌላ ጉዳይ ነው። ንባቡ ፍጹም ቢሆን እንኳ ሦስት ጊዜ ተሻሽሎ የተላከ ውል በሦስቱም መልእክት ውስጥ ቃሉ ያው ነው። የተፈረመበት የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ባለጉዳዩ ሲሆን፣ ያን ሲያውቅ ለይቶ ካላኖረው ከአንድ ዓመት በኋላ እሱም አያውቀውም።

ጥያቄው ፎልደር በምን ይከፈት የሚለው ነው። በላኪ ስም ወይም በዓመት መክፈት ትርፍ የለውም፤ ያንን ኮምፒውተሩ ራሱ በሰከንድ ይለየዋል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ቤት የሠራበት ደንብ ከዚህ ይሻላል፦ ፋይል የሚከፈተው ለጉዳይ ነው፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ይዘጋል። ውጭ አገር ሆኖ እናቱን ለማምጣት የሚሞክር ሰው እንውሰድ። ጉዳዩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ከጠበቃው በእንግሊዝኛ፣ ከወንድሙ በአማርኛ፣ ከተርጓሚው፣ ከኤምባሲው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ ከላከች የጎረቤት ልጅ መልእክት ይመጣለታል። የእናቱ ስም በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ በልደት ወረቀቱ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፏል። እነዚህን መልእክቶች ሁሉ የሚያገኝ አንድ የፍለጋ ቃል የለም፤ የሚያገናኛቸው የሰውየው ጉዳይ ነው። «የእማማ ቪዛ» የሚል ፎልደር ከፍቶ መልእክቱ በመጣ ቁጥር ወደዚያ መላክ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ጠበቃው በአስቸኳይ ሰነድ ሲጠይቀው ግን ሌሊቱን ሙሉ ከመፈለግ ያድነዋል። ማስታወቂያው፣ ጋዜጣው፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ጥሪው ሁሉ እዚያው ባለበት ይከመር። በአንድ ጊዜ ከአምስት ስድስት የበለጠ ክፍት ጉዳይ ያለው ሰው ብዙ አይደለምና የፎልደሩም ቁጥር ከዚህ አይዘልም።

ፎልደር መልእክት ይደብቃል የሚለው ነቀፋ ግን ሚዛን ይደፋል። በተለይ መልእክት ገና ሲመጣ ሳይነበብ በቀጥታ ወደ ፎልደር እንዲገባ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው የቀጠሮ ቀን ካለፈ በኋላ ጥሪውን ሊያገኘው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለጉዳይ ፎልደር አውቶማቲክ ትእዛዝ አይሰጥ፣ አንብቦ በእጅ ይላክ። ስለ መሰረዝም ጥንቃቄ ያሻል፤ በጂሜይል ሌብሉ ቢጠፋ መልእክቱ ይቀራል፣ በአውትሉክ ግን ፎልደሩ ሲሰረዝ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ፎልደር ራሱ መጠባበቂያ እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን ከነይዘታቸው ማጥፋት የሚያስችለውን ደንብ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ስለዚህ የማይተካ ሰነድ ከኢሜይሉ ወጥቶ ሌላ ቦታም ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ሸክም በተቀባዩ ላይ ብቻ መውደቁ አግባብ አይደለም። ወጪ ደብዳቤ ያለ ቁጥርና ያለ ቀን የማይለቅ መሥሪያ ቤት ያንኑ ደብዳቤ በኢሜይል ሲልክ ርዕሱን ባዶ ይተዋል። የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀኑንና ጉዳዩን በኢሜይሉ የርዕስ መስመር ላይ ይጻፉ፤ ከስካኑ ጋር ዋናውን ሐሳብ በሁለት መስመር ይተይቡ። ለጸሐፊው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ሊደረግ ይችላል።